መርዙን «መድኃኒት» አትበሉት፣ ሐኪም ፊትም አትደብቁት

የትኋን መድኃኒት፣ የቅማል መድኃኒት፣ የእህል መድኃኒት... መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው፤ ይሄ ግን መርዝ ነው። ስሙ ስላዘናጋን በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖረው ከገበያ ቤታችን ይገባል። የሁለት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ደግሞ የሚያውቀው ውሃ ብቻ ነው።

ከዚያ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ወይም ዝልፍልፍ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። «ምን ነካው?» ስንል «ደህና ሲጫወት ውሎ ነው» እንባላለን። በፀረ-ተባይ የተመረዘ ሕፃን እንደ አዋቂ ሁሉንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎላው መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ነው። ስለዚህ ማጅራት ገትር ወይም የሚጥል በሽታ ይመስላል። ደረቱ ሲያፏጭ የሳንባ ምች፣ ሲያስቀምጠው የሆድ በሽታ ይመስላል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ ለሃጩ ከተዝረበረበ እንጠረጥራለን። ካልሆነስ? የደም ምርመራው በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን የለም፤ ቢኖርም ውጤቱ እስኪደርስ ሕክምና አይዘገይም። ያለን ምርመራ የእናንተ ቃል ነው።

«ትናንት ፍራሹን ለትኋን ረጭተነው ነበር»፣ «ጭንቅላቷን ለቅማል ቀብተናት ነበር» በሉን። በቆዳም ይገባል እኮ! አትሮፒን የሚባለው ማርከሻ ሳንባ የሞላውን ፈሳሽ ያደርቃል፤ ግን መጀመሪያ ለየትኛው ልጅ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አለብን።

ለምን እንደሚደበቅ ይገባኛል። ጎረቤት ምን ይለኛል፣ ባለቤቴ ይቆጣኛል፣ ፖሊስ ይጠራብኛል ተብሎ ነው። እዚህ ላይ እኛ ባለሙያዎችም መወቀስ አለብን። የደነገጠችን እናት «ምን ዓይነት እናት ነሽ?» ብሎ የሚያሸማቅቅ ሐኪም እውነቱን አያገኝም። «ቤት ውስጥ ምን ተረጨ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ምን ያቅታል?

ወተቱን ደግሞ ተዉት። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ ራሱን ለሳተ ልጅ ሲጋቱት ሳንባው ውስጥ ይገባል። በጣት ጉሮሮውን ነክታችሁ ለማስመለስም አትሞክሩ። ልብሱን አውልቁ፤ የነካውን ገላ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ (እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ)፤ ከዚያ ሩጡ። ዕቃውንም ቋጥራችሁ አምጡልን፣ ምክንያቱም የሁሉም መርዝ ሕክምና አንድ አይደለም። እህል ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ክኒን ለምሳሌ ማርከሻ የለውም። እሱን ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ ዛሬውኑ አውጡት።