ልጆቻችንን ሶደሬ ወሰድናቸው፤ ከዚያስ?



የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆች ሊያርፉ ነው። "ቲቸር፣ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?" የምትሉኝ አላችሁ። መልሱን እኮ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። ዋና፣ ዓሣ፣ ፎቶ፣ ማታ ቤት። ምንም ክፋት የለውም፤ ልጅ ይዋኝ፣ ይጫወት። እኔ የምለው ከሦስት እረፍት አንዱን ለታሪክ ቦታ ስጡት ነው። ስትሰጡት ደግሞ ያለ አስጎብኚ አትሂዱ።

ይህን ያስጻፈኝ አውሮፓ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የለጠፈችው ፎቶ ነው። ከባሏና ከልጆቿ ጋር ግሪክ ከርመው፣ አቴንስ አክሮፖሊስን፣ ቀርጤስ ደሴት ላይ ደግሞ ክኖሶስን በአስጎብኚ ዞረዋል። ከፎቶው ሥር ያለው አስተያየት ሁሉ "ዋው! ታድላችሁ!" ነው። እኔን የገረመኝ እሷ የጻፈችው ነገር ነው። ትንሹ ልጇ ፍርስራሽ መሃል ግማሽ ቀን ሲዞር አንዴም ስልክ አልጠየቀም። ለምን ቢባል፣ የሚያወራለት ሰው ነበረዋ!

ግሪክ ውስጥ በታሪክ ቦታዎች ላይ ለማስጎብኘት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተምረው፣ ተፈትነው ነው የሚገቡበት። ክኖሶስ ላይ ጥሩ አስጎብኚ ሁለት ነገር ይነግርሃል። አንደኛው ተረቱ ነው፤ ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆነው ሚኖታውሮስ መውጫው በማይታወቅ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ነበር ይባላል። ሁለተኛው የተቆፈረው ነው፤ እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1900 ቁፋሮ ጀመረ፣ የፈረሰውንም ክፍል በሲሚንቶ መልሶ አቆመው፣ ትክክል አደረገ ወይስ አበላሸ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልጁ "ይባላል" እና "ተገኘ" የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ ይመለሳል። ይህ እኮ ከአንድ ዓመት የታሪክ ትምህርት ይበልጣል።

እሺ፣ ግሪክ ሩቅ ነው። ቪዛው፣ ዶላሩ... ተዉት። የኛን እንይ።

እኛ አዳማ የምንኖር ሰዎች የምንጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው። ይኸው ወንዝ ቆቃ ግድብ ከመድረሱ በፊት፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ መልካ ቁንጥሬ በሚባል ቦታ ያልፋል። አንድ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 የድንጋይ መሣሪያዎቹን አይቶ ወሬውን አሰማ፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዮች፣ በኋላም ጣሊያኖች ሲቆፍሩት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

እዚያ ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል ምን እንደተገኘ ልንገራችሁ። የእግር ዱካ። የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፣ የሕፃናትም ነው። ከመካከላቸው አንድና ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው አሉ። ዕድሜው 700,000 ዓመት። በዙሪያው የድንጋይ መሣሪያና የታረደ ጉማሬ አጥንት አለ። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ሕፃናቱ እዚያው ጭቃው ላይ ይንደፋደፉ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ውሃ ዳር! ልጃችሁ ሶደሬ ላይ ከሚሮጥበት አፈር ጋር አንድ ወንዝ ያገናኘዋል። ወንዙን ይዛችሁ ወደ አፋር ብትወርዱ ደግሞ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ነው። ይህን የማያውቅ የአዳማ ልጅ ግን ዜውስንና ሄርኩለስን ከካርቱን ጠንቅቆ ያውቃል።

ታዲያ ያለ አስጎብኚ መልካ ቁንጥሬ ብትሄዱ ምን ታያላችሁ? ድንጋይ! አምስት ደቂቃ ታያላችሁ፣ ሰልፊ ትነሳላችሁ፣ ልጁ "አባዬ፣ እንሂድ" ይላል፣ እናንተም "ባዶ ቦታ ነው" ብላችሁ ታወራላችሁ። የሚያስረዳ ሰው ሲኖር ግን አንዱን ጥቁር ድንጋይ አንስቶ "ይህ ባልጩት ነው፣ እዚሁ አቅራቢያ ባልጪት የሚባል መንደር አለ፤ ሰው ከሚሊዮን ዓመት በፊትም ይህንኑ ድንጋይ ይጠርብ ነበር" ይላል። በቃ፣ ድንጋዩ አፍ አወጣ።

ደግሞ የኛ ልጆች ትልቅ ዕድል አላቸው። ኦሮምኛ የሚችል ልጅ ግማሹን ጉብኝት በስሙ ብቻ ይረዳዋል። መልካ ማለት የወንዝ መሻገሪያ ነው። ሲምቢሮ፣ ሌላው የቁፋሮ ቦታ፣ ወፍ ነው። ልጁን "እስቲ አንተ ተርጉምልን" ሲሉት ተመልካችነቱን ትቶ አስጎብኚ ይሆናል።

ባቱም (ዝዋይ) እንደዚሁ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተን እንመለሳለን። በጀልባ ተሻግሮ ቱሉ ጉዶ የወጣስ ስንት ነው? ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችበት ደሴት ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ተቀመጠች ይባላል። "ይባላል" ነው፤ ጥሩ አስጎብኚ ይህን ቃል አይዘላትም። በእጅ ያለው ደግሞ በግዕዝ የተጻፉት የብራና መጻሕፍትና የዛይ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ዙሪያውን ኦሮምኛ በሚነገርበት አገር የስልጤና የሐረሪ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ደሴቶቹ ላይ ኖሯል። ይህ ቋንቋ ከየት መጣ? እንዴት ቆየ? አንድ ልጅ ይህን ጥያቄ ይዞ ከተመለሰ የጀልባው ሂሳብ ተከፍሏል።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀን ልምጣ። "የገዛ አገሬን ለማየት ለምን ለአስጎብኚ እከፍላለሁ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ለዋና መግቢያ ሳናቅማማ እንከፍላለን፣ ለለስላሳና ለጥብስ እንከፍላለን፤ ለሚያውቅ ሰው ስንከፍል ግን ይቆጨናል። አስጎብኚውም ይህን ስለሚያውቅ ፈረንጅ ሲያይ ይሮጣል፣ ሐበሻ ሲመጣ ቁልፍ ከፍቶ ጥግ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ይህ ጥንታዊ ነው፣ ያም ጥንታዊ ነው" ብሎ በአሥር ደቂቃ የሸኘን አለ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ጠያቂና ከፋይ የሌለው ሙያ አያድግም።

ኑሮው ከብዷል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ፣ ምሳ ከቤት ቋጥራችሁ ውጡ፣ የአስጎብኚውን ተካፈሉ። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መልካ ቁንጥሬ ከሄዳችሁ በዚያው መስመር ከድንጋይ የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዳማ ከተነሳችሁ በአንድ ቀን ይዳረሳል።

የመንገዱን ነገር ግን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ጥሩ ካልሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት። 700,000 ዓመት የጠበቀ ዱካ አንድ ወር መጠበቅ አያቅተውም።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ልጆቹ ይጠይቁ፣ እናንተ ዝም በሉ። አስጎብኚው አንድ ነገር ሲናገር "ይህ የሚባል ነው ወይስ የተገኘ?" ብለው እንዲጠይቁት አስተምሯቸው። ጎበዙ ደስ ይለዋል፣ ሰነፉ ያነባል።

ቱሪዝም ተምራችሁ ሥራ የምትፈልጉ የድሮ ተማሪዎቼም አላችሁ። ለሐበሻ ቤተሰብ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ለልጅ በሚገባ መንገድ የሚያስጎበኝ ሰው ያስፈልገናል። ገበያው ትንሽ ነው፤ እኛ መክፈል ከጀመርን ግን ያድጋል።

ባቱም ይሁን ጢያ፣ መልካ ቁንጥሬም ይሁን ሌላ ቦታ ሄዳችሁ በደንብ ያስረዳችሁ ሰው ካለ እስቲ ከታች ጻፉልን፣ ሌላው ቤተሰብ ይጠቀምበት።

መልካም እረፍት!