ዳኛው በቅርብ፤ ባለፋብሪካው በባሕር ማዶ

አንድ የሞላሌ ባለሱቅ ከደብረ ብርሃን ጅምላ ነጋዴ ገዝቶ የሸጠው ቡታጋዝ ፈንድቶ የገዢውን ቤተ ሰብ ቢያቃጥል፤ ክሱ በማን ላይ ሊቀርብ ነው? ጅምላ ነጋዴው ዕቃውን ያገኘው ከመርካቶ አስመጪ፤ አስመጪውም ከባዕድ አገር ፋብሪካ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው ሆኖ ሳለ ተበዳዩ በቅርብ የሚያገኘው ግን ባለሱቁን ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ተረት በዚህ ላይ ይፈጸማል።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085፤ ለትርፍ ሲል ዕቃ እየሠራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፤ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ኀላፊነቱ የሚቀረው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ሲሆን ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የጉዳት ካሣ ክስ ጉዳቱ በደረሰበት ስፍራ ባለ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። እንግዲህ የጎደለው ዳኛ ሳይሆን የፍርዱ መፈጸሚያ ነው፤ በአገሩ ውስጥ ቤትም ገንዘብም በሌለው ባለፋብሪካ ላይ የተሰጠ ፍርድ ከወረቀት አያልፍምና።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት አንድ ሠራተኛ በእንግሊዝ አገር በተሠራ የብረት መቁረጫ መኪና አራት ጣቶቹን ቢያጣ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ባለፋብሪካው በዚያ ግዛት ፍርድ ቤት ሊከሰስ እንደማይችል ወሰነ። በአንጻሩ፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፤ ቤተ ሰቦቻቸው ክሳቸውን ያቀረቡት በባለፋብሪካው ደጅ በቺካጎ ነበር፤ ቦይንግም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ለካሣው ኀላፊ መሆኑን ተቀበለ። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ቡታጋዝ ከመንዝ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የሚካሰስ ማን ነው?

ስለዚህም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፤ ሸማቹ በዕቃው አቅርቦት የተሳተፉትን ሁሉ በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሣ እንዲጠይቅ መብት ሰጠው። ይህም የሚገባ ነው፤ የተቃጠለ ሰው ፋብሪካው እስኪገኝ ድረስ ያለ መታከሚያ ሊቀር አይገባውም። ነገር ግን ካሣውን የከፈለ ነጋዴ ደግሞ ጥፋተኛውን መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ ሊኖረው ያሻል።

ይህም መንገድ የሚጠረገው ከአደጋው በኋላ ሳይሆን ኤልሲ ከመከፈቱ በፊት ነው። አስመጪው በውሉ ላይ ሁለት ነገር ያስጽፍ፤ አንደኛ፤ በዕቃው ጉድለት የተከፈለውን ካሣ ባለፋብሪካው እንዲተካ፤ ሁለተኛ፤ ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኞች እንዲታይ። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የግልግል ውሳኔዎችን ስለ መፈጸም የተደረገውን የኒውዮርክ ስምምነት ስለ ተቀበለች፤ እንዲህ ያለው ውሳኔ በባለፋብሪካው አገር ሊፈጸም የሚችልበት በር ተከፍቷል። ጅምላ ነጋዴውና ባለሱቁም ያለ ደረሰኝ ዕቃ አይረከቡ፤ ከማን እንደ ገዛ ማስረዳት የማይችል ነጋዴ የሌላውን ጥፋት ብቻውን ተሸክሞ ይቀራልና።

በርካሽ የተገዛ ዕቃ ውሉ ካልጸና ርካሽ አይደለም። ዋጋውን የሚከራከር አስመጪ ስለ ኀላፊነቱም ይከራከር፤ በመርካቶ የተዘነጋች አንዲት የውል ቃል የሞላሌን ሱቅ ልታዘጋ ትችላለችና።