የዘፈን ሞገድ በሸራ ሲሸጥ የአዝማሪው ድርሻ የት ነው?

በዓለም የሥዕል ገበያ የዘፈን ሥዕል መሸጥ ከጀመረ ሰነባብቷል። የሚሸጠው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ወይም የሸክላው ሽፋን አይደለም። ዘፈኑ ራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባና ድምፁ ሲጎላ ሽቅብና ቁልቁል የሚረዝም፣ ሲለዝብ የሚያጥር፣ ጸጥ ሲል ቀጥ ያለ መስመር ብቻ የሚሆን ሞገድ ይወጣዋል፤ ሞገዱም በቀለም አጊጦ በሸራ ላይ ይታተማል። ሠዓሊው ቲም ዌክፊልድ የታወቁ የሮክ ዘፈኖችን በዚህ መንገድ ወደ ሥዕል ለውጦ፣ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ፈርመውባቸው ለበጎ አድራጎት እንዲሸጡ አድርጓል።

የእኛም ነጋዴ በዚህ ሥራ ላይ ዓይኑን ቢጥል አይፈረድበትም። ኮምፒዩተርና ማተሚያ ቤት በጎንደርም በአዲስ አበባም አለ። ሞገዱን የሚያወጣው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ሥራውም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ቀላልነቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል። ለመሆኑ ማንም በደቂቃ የሚሠራው ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው በምኑ ነው?

መልሱን ስሌት ይሰጣል። በሲዲ የተቀረጸ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 60 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ሸራ ላይ ሲታተም በእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ17,000 በላይ ልኬቶች ይታጨቃሉ። ስለዚህ ዜማውም ግጥሙም ከሥዕሉ ላይ አይነበብም። በተለይ ድምፃቸው እንዲጎላ ተጨምቀው የተቀረጹ የሮክ ዘፈኖች ሞገዳቸው እንደ ግንብ ድፍን ስለሚል አንዱን ከሌላው መለየት ያዳግታል። ገዢው የሚያምነው ከሥሩ የተጻፈውን ስም፣ ፊርማውንና የኅትመቱን ቁጥር ነው። የሚሸጠው መስመሩ ሳይሆን እምነቱ ነው ማለት ይቻላል።

እምነት የሌለበት ገበያ ምን እንደሚመስል በቅርቡ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀውን አሜሪካዊ ሠዓሊ አንድ የዲጂታል ሥራ በ69.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ይህን ያየ ሁሉ ኤንኤፍቲ ወደሚባሉት የዲጂታል ባለቤትነት ሰነዶች ጎረፈ። በተከታዩ ዓመት ገበያው ክፉኛ ሲወድቅ ብዙው ገዢ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ።

በአገራችን ነጋዴው መጀመሪያ የሚያስበው የድሮዎቹን ሸክላዎች ሊሆን ይችላል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሐ ሬከርድስ ያሳተማቸው ሥራዎች፣ ኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ለዓለም ያዳረሳቸው ዘፈኖች በውጭም ገዢ አላቸው። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የአሳታሚው ዘመን አልፏል ተብሎ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት አብሮ አይቀበርም።

«የሞገድ ሥዕል የዘፈን ቅጂ አይደለም፤ ፈቃድ አያሻውም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ጉዳዩን የሕግ ባለሙያዎች ይከራከሩበት። ገበያው ግን ፈርዷል፤ ዘፋኙ ያልፈረመበት ሞገድ ማንም የሚያወጣው ጭረት ነው።

ከሸክላዎቹ ይልቅ ለዚህ ንግድ የሚመቸው ሀብት ያለው ጎንደርና አካባቢው ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወጡ ከአዘዞ አለፍ ብላ በምትገኘው በጠዳ ሠርግ የደገሰ ሰው አዝማሪ ቢጠራ፣ አዝማሪው በማሲንቆው አንዲት የጭራ ጅማት ላይ እንግዳውን በስሙ እያወደሰ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል። የዚያ ዕለት ጨዋታ ተመልሶ እንደነበረው አይደገምም። የሮክ ዘፈን በሚሊዮን ቅጂ የተበተነ ነው፤ የአዝማሪው ውዳሴ ግን ባለቤት ያለው አንድያ ነው። ለጥምቀት ጎንደር የገባ የውጭ ነዋሪ ለራሱ የተገጠመለትን ውዳሴ ድምፁንም ሥዕሉንም ይዞ ቢመለስ፣ ሌላ ሰው ሊኖረው የማይችል ዕቃ ገዛ ማለት ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ አዝማሪው ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በሽልማት እንደሚሸኝ ተጫዋች እንጂ እንደ ንግድ ሸሪክ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተባባሰው ግጭት ጎብኚውን ሲያሳንሰው የአዝማሪውም ገቢ አብሮ ተጎድቷል። በዚህ ሰዓት ድምፁን በስልክ ቀርጾ፣ ሞገዱን አትሞ፣ ለእሱ ሳንቲም ሳይሰጡ መሸጥ ቀላል ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ለከዋኝም መብት ሰጥቷል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ለማስቀረጽም ሆነ የተቀረጸውን ለማባዛት የመፍቀድ ሥልጣን የአዝማሪው ነው። ዜማው የአባት የአያት ቢሆን እንኳ የዚያ ዕለቱ አጨዋወት የራሱ ነው።

በመሆኑም በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከማተሚያው በፊት ውሉን ያስቀድም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል አዝማሪ በምስክር ፊት ይነበብለት። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለአዝማሪው የሚደርሰው በመቶኛ ይወሰን፤ የኅትመቱ ብዛት ይገደብና ይቆጠር፤ የአዝማሪው ስምና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በሸራው ላይ ይታይ፤ ዋናው ቅጂ ድምፅ ለገዢው ይሰጥ። ደላላውም የሚያገናኘው ገዢና ሻጭን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ባለቤት ጭምር መሆኑን አይዘንጋ።

ይህ ምጽዋት አይደለም። ያለ አዝማሪው ስምና ፈቃድ የታተመ ሞገድ ጎረቤት ሱቅ በማግሥቱ አስመስሎት በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል። አዝማሪው የፈረመበትን ግን አስመስሎ የሚያትም ሁሉ ባለቤቱ ቆሞ ይጠይቀዋል። የነጋዴው ትርፍ የሚጠበቀውም በዚያው የአዝማሪው መብት ነው።