«ነጻ» የተባለው ክኒን

«መድኃኒቱ እኮ በነጻ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ይላል የከተማችን ሰው። ይህን ባይ አንድ ቀን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይውጣልኝ። ጸበል ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ ደሳሳ ጎጆ ተከራይተው እዚያው የቀሩ ስንት አሉ! ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምታድር እናት የኤችአይቪ ክኒኗን በነጻ ትወስዳለች። እሺ። ከክኒኑ ጋር የምትበላው እንጀራስ? የታክሲውስ? ሳንባዋን ሲያማት «እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዢ» የሚባለው መድኃኒትስ?

«የጤና መድን አለላት» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አዲስ አበባም ደርሷል። መዋጮውን መክፈል ላቃተውም መንግሥት ይከፍልለታል። ግን ድህነቷን የሚመሰክርላት ወረዳው ነው፤ ወረዳው ደግሞ የሚያውቀው መታወቂያ የሰጠውን ሰው ነው። የክፍለ ሀገር ሰው ከሆነችና መታወቂያ ከሌላትስ? ድሃ ለመባልም ወረቀት ያስፈልጋል ማለት ነው!

ለመሆኑ ይህ «ነጻ» ከየት መጣ? መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር በክፍያ ነበር፤ ያለው ገዛ፣ የሌለው ሞተ። በ1997 ዓ.ም በነጻ መታደል ጀመረ፤ ሂሳቡን ፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ ያዙት። በ1999 ዓ.ም ደግሞ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ ተናገሩ። ጸበሉና ክኒኑ ታረቁ፤ ክኒኑና ኪሳችን ግን እስካሁን አልተዋወቁም።

በጥር 2017 ዓ.ም ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ አረፈ። ወዲያው እዚህ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ኖሯል።

«ድሃ አገር ነን፣ ከየት እናምጣው?» የሚል አይጠፋም። ዚምባብዌ ሀብታም ናት እንዴ? እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ባወጣችው ሕግ በገቢ ግብር ላይ 3 በመቶ ጨምራ የራሷን የኤድስ ፈንድ አቋቁማለች። ሁሉን አይሸፍንላትም፤ ግን የራሷ ነው። እኛስ ብንሆን በ2013 ዓ.ም እዚያው እንጦጦ ላይ መናፈሻ ስናስመርቅ ገንዘብ መች አነሰን? መናፈሻውን አልጠላሁትም፤ አየሩም ዛፉም ደስ ይላል። የምጠላው ለመናፈሻ የተገኘው ብር ለክኒን ሲሆን «ለጋሾች ያውቃሉ» መባሉን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ምጽዋት አይደለም። የመድኃኒቱ ወጪ በየዓመቱ እያደገ በመንግሥት በጀት ውስጥ ይግባ። መድኑም ሰውን በመታወቂያው ሳይሆን በሚኖርበት ጎጆ ይመዝግብ። ያቺ ጭራሮ ተሸካሚ ሕይወቷ በባሕር ማዶ ምርጫ ውጤት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ «በነጻ ነው» ብለን አፏን ልናስይዛት አይገባም።