ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ የት ነው የሚደርሰው?

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ስልካችን በባንዲራና በፏፏቴ ቪዲዮ ተጥለቅልቆ ነበር። ደስ ይላል። ቦንድ የገዛ፣ ደመወዙ የተቆረጠበት፣ 8100 ላይ መልእክት ሲልክ የኖረ ሰው ደስታው ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ግድብ ነው ማውራት የፈለግኩት፤ ለየካ ልጅ በውሃ ዝምድና ከህዳሴም ስለሚቀርበው።

እንጦጦ ላይ ፎቶ የምትነሱበት ጫፍ የውሃ ድንበር መሆኑን ታውቃላችሁ? ከጀርባው፣ በሱሉልታ በኩል የጣለው ዝናብ ወደ ሙገር ይሄዳል፤ ሙገር ዓባይ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጉባ፣ ንጋት ሐይቅ ነው። በእኛ በኩል የጣለው ግን በፈረንሳይና በቀበና አድርጎ ታላቁ አቃቂን ይቀላቀልና አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ ከዚያ አዋሽ፣ ከአዋሽ ደግሞ ቆቃ። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ አንዱ ሱዳን ይሻገራል፣ ሌላው አፋር በረሃ ላይ ይቀራል።

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ግድብ ነው። የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው (ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?)። የሚያመነጨው 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ከህዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ጎን ስታስቀምጡት ያስቃል። ግን ሥራውን ተመልከቱ። የአዋሽን የክረምት ጎርፍ ይይዛል፣ በጋ ላይ መጥኖ ይለቃል። የተለቀቀው ውሃ ታች ያሉትን አዋሽ 2ን እና አዋሽ 3ን ያሽከረክራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው። እዚያ አያበቃም፤ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል። ሻይ ላይ የምትጨምሩት ስኳር ውስጥ የቀበና ውሃ አለበት ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሁለገብ ግድብ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ አንድ ውሃ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ችግሩ ደለሉ ነው። ቆቃ ሲሠራ ወደ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። አርባ ዓመት ሳይሞላው ከዚያ ውስጥ ሲሶ ያህሉን አፈር ወሰደበት። ሐይቁ የሚይዘው ሲያንስ ክረምቱ ሲበረታ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ጎርፉ ታች ያለው ገበሬ ማሳ ላይ ይወጣል። በጋ ላይ ደግሞ የሚለቀቀው ውሃ ያንሳል። ለጣና ስንጮህለት የኖርነው እምቦጭም ቢሆን አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ። ያኔ የጮኸ አልነበረም።

እውነቱን እንነጋገር፤ አብዛኛው ደለል የሚመጣው ከላይኛው አዋሽ እርሻ ነው እንጂ ከየካ አይደለም። የእኛ ድርሻ ሌላ ነው፤ ፕላስቲክ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ቀጥታ ወንዝ ውስጥ የሚለቀቅ የሽንት ቤት ፍሳሽ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚቀበለው አባ ሳሙኤል ነው። እሱም ኃይል ያመነጭ የነበረ ግድብ ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና እርዳታ ታድሶ ሥራ ጀመረ። ታደሰ እንጂ ከላይ የሚወርድበት ቆሻሻ መቼ ቆመ?

ደግሞ የእንጦጦ ነገር አለ። ባሕር ዛፉ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን ሲያሞቅ ኖሯል። ዛሬም እናቶች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። ቅጠሉ ተጠርጎ ሲያልቅ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ዝናቡም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በእናቶቹ አልፈርድም። ጥበቃ ቆሞ ቢያባርራቸው ማታ እንጀራው በምን ይጋገር? ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል፦ ከጉባ የመጣው መብራት እነዚያ እናቶች ቤት ደርሶ ምጣድ ካላጋለ፣ እንጦጦ ላይ የምንተክለው ችግኝ ሁሉ በአንድ በኩል ሞልተን በሌላ በኩል እንደማፍሰስ ነው። አንድ ቆጣሪ ለስንት አባወራ በሚጋሩበት ግቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይታሰብም። የራስ ቆጣሪ ማስገባትና ምጣዱን በረጅም ጊዜ ክፍያ መስጠት ግድብ ከመገንባት ጋር ሲተያይ ትንሽ ወጪ ነው፤ ለቆቃም ለአባ ሳሙኤልም ይጠቅማል።

የቀበና ዳርቻ ተውቧል፣ እሰየው። ድንጋዩም፣ መንገዱም፣ መብራቱም ያምራል። እኔ የምጠይቀው ከየቤቱ ወንዙ ውስጥ የሚገባውን ቱቦ ነው። ስንቱ ተዘጋ? ስንቱ ከፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኘ? የህዳሴን ውሃ መጠን በየክረምቱ በሳተላይት ፎቶ ስንከታተል የኖርን ትውልድ ነን፤ የወረዳችንን ቱቦ ቁጥር መጠየቅ አይከብደንም። ቆቃስ ደለሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውጤቱን በየዓመቱ ገጹ ላይ ይለጥፍልን። ሼር ማድረጉን ለእኛ ይተውልን።