የልብ ሥር ቢከፈትም መድኃኒቱ አይቋረጥ



ልብ ለመላው አካል ደም ሲያከፋፍል ለራሱም ምግብ ያስፈልገዋል። ይህንንም የሚያቀርቡለት በላዩ የተዘረጉ ቀጫጭን ደም ቅዳ ሥሮች ናቸው። በእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ስብ ሲጠራቀም መንገዱ ይጠባል፤ ሰውየውም ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይጨምቀዋል። የተጠራቀመው ስብ በድንገት የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል፤ ብዙዎችን በድንገት የሚነጥቀን ይኸው ነው።

ሐኪሞች ይህን ስፍራ በሕያው ሰው ላይ ለማየት ብዙ ደክመዋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1929 ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም፥ አለቃው እየከለከለው፥ ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ሥር አግብቶ እስከ ልቡ አደረሰና በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። በ1958 ደግሞ በአሜሪካ፥ በክሊቭላንድ ከተማ፥ ሜሰን ሶንስ አንድ ሕመምተኛ ሲመረምር ቱቦው ሳይታሰብ ከልብ ሥር ገብቶ በራጅ የሚታየው ቀለም ፈሰሰበት። የሰውየው ልብ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ሶንስ «ሳል!» ብሎ ቢጮኽበት ሳለ፥ ልቡም እንደ ገና መምታት ጀመረ። የልብ ሥሮችን በየራሳቸው በቀለም የማሳየት ጥበብ የተጀመረው ከዚህ ነው።

የታየ ነገር ለመጠገን ይመቻልና፥ በ1977 አንድሬያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ ከተማ ትንሽ ፊኛ በ38 ዓመት ሰው የልብ ሥር ውስጥ ነፍቶ ጠባቡን አሰፋ። ዛሬ የሰፋው ስፍራ ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ይቀመጥበታል።

ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባን አለ። በቀለም የሚነሣው ሥዕል የሚያሳየው ደሙ የሚሄድበትን ቦይ እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ሕመሙ ግን ያለው በግድግዳው ውስጥ ነው፤ ያውም በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሥሮች ተበትኖ ይገኛል። በሥዕሉ ጠባብ ያልመሰለው ስፍራ ነገ ሊሰነጠቅ ይችላል። ድንገተኛ መዘጋት ሲደርስ ሥሩን ፈጥኖ መክፈት ነፍስ ያድናል። ሕመማቸው የረጋ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ በ2020 የታተመው ጥናት ግን፥ በመድኃኒት ላይ ስቴንት ወይም ቀዶ ጥገና መጨመር የደረት ሕመምን ቢያቃልልም በተከታተላቸው ዓመታት ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ስለዚህ ስቴንት የተደረገለት አባት «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ እንዳይተው ቤተ ሰቡ ይጠብቀው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድኃኒት ያለ ጊዜው ከተቋረጠ ደሙ በሽቦው ላይ ሊረጋ ይችላል፤ ስብን የሚቀንሰው ደግሞ ሥዕሉ ያላሳየንን ግድግዳ ይጠብቃል። ሲጋራም ፈጽሞ ይቅር። ጾም ሲገባም ሕመምተኛው ክኒኑን ከማስቀረቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ደረትን የሚጨምቅ፥ የሚያልብና ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም በሌሊት ቢነሣ «ይንጋ» አንበል፤ ያን ጊዜውን ወደ ሆስፒታል እናድርሰው።