ባለአደራ ከንቲባ ልሁን ማለት ነውር ነውን?

አንድ ነዋሪ «ምርጫ እስኪደረግ በጊዜያዊ ከንቲባነት ላገልግል» ሲል ብዙዎቻችን «ሥልጣን ፈላጊ» ብለን እናሳልፈዋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰሙራን ሹመት እንዳይጠይቅ መምከራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤቶች ኃላፊነት ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ያቀረቡትም ምክንያት ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን ነበር። የሚወገዘው ወንበሩን መመኘት እንጂ ችሎታ ያለው ሰው በችግር ጊዜ ሸክም መሸከሙ አይደለም።

አዲስ አበባ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በተመራ፣ ባልተመረጠ አስተዳደር ሥር ነበረች። ሕዝቡ ያን አስተዳደር «ባለአደራ» ይለው ነበር። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። አደራ ባለቤት አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ሳይጎድል ይመለሳል። የከተማ ባለቤቱ ደግሞ ነዋሪው ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ! ፈቃደኛውን «ለምን ፈለግከው?» እያልን ልቡን ከመመርመር ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ስለ ከተማው ውኃ፣ መሬትና በጀት ምን ታውቃለህ? የምትለቅበት ቀን መቼ ነው? ስትለቅ ሒሳቡን በአደባባይ ታስረክባለህ? መልስ ካለው እናግዘው። መልስ ከሌለው በአደብ «ይቅርብህ» እንበለው። ልቡን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ሒሳቡን መጠየቅ ግን የኛ ድርሻ ነው።